ሪሃም እንዴት ትዘንባለች?

«ስምሽን ያወቀ ሁሉ አንቺን ያወቀ እንዳይመስልሽ» አሉኝ የአባቴ አክስት እመት መሬማ። ከትምህርቴ የቀረሁ ሰሞን ነበር። አንድ ደላላ በአጥራችን ላይ ተንጠራርቶ፣ በስሜ ጠርቶኝ፣ «ነይ እስቲ እህቴ፣ አረብ አገር ጥሩ ሥራ አለ» ሲለኝ፣ ስሜን ማወቁ ብቻ ዘመድ መስሎኝ ነጠላዬን አንስቼ ነበር። እመት መሬማ ነጠላዬን ከእጄ ወስደው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ይህን ተረት የነገሩኝ ያን ዕለት ነው። እኔም እንደሰማሁት ልንገራችሁ።

ሰውና አውሬ ባንድ ቋንቋ በሚጨቃጨቁበት ዘመን፣ ስሟን ማንም ያልነገረን አንዲት አገር ነበረች አሉ። ተራራ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች አገር ናት። ክረምት ሲገባ ጉሙ በቀትር ይወርድባትና ሰው የገዛ እጁን ያጣል። ላሟ በረቷ ደጃፍ ቆማ በረቷን ትፈልጋለች።

በዚያች አገር ልጅ በስሟ ከተጠራች «አቤት!» ብላ ወዲያው ከቤት መውጣት ነበረባት። ማን ጠራኝ፣ ለምን ጠራኝ ብሎ ነገር የለም። ተጠርታ የዘገየች ልጅ «ያልተቀጣች» ትባላለች፤ እናቷም ከሴቶች መሐል ቀና ብላ አትቀመጥም። ደግሞ በዚያች አገር ሴት ልጅ ሁሉ ሩቂያ ነበረች። በድሮ ጊዜ ሩቂያ የምትባል እጀ ሰፊ ሴት ነበረች፤ ልጆቿ ሁሉ አድገውላታል፣ ላሟ ነጥፋ አታውቅም። እናቶች «በረከቷ ይድረሳት» እያሉ ስሟን ሲያወርሱ ሲያወርሱ አገሩ በሩቂያ ሞላ። ትልቋ ሩቂያ፣ ትንሿ ሩቂያ፣ ፍንጭቷ ሩቂያ፣ የወንዝ ዳሯ ሩቂያ፣ አልቅሳ የማትጠግበው ሩቂያ! አንዲት እናት «ሩቂያ!» ስትል ከየቤቱ «አቤት! አቤት! አቤት!» ይሆናል። አንዷ እጇን በሊጥ ለውሳ፣ ሌላዋ ራሷን ግማሹን ተሠርታ ብቅ ትላለች።

«አንቺን አይደለም፣ ግቢ!»

«እሺ እትዬ።»

ታዲያ አያ ጅቦ ከአጥር ኋላ ነው። ጆሮው ሰፌድ አክሏል።

«አይ የእነዚህ ሞኝነት!» አለ ለራሱ፣ ምራቁን እየዋጠ። «በሩ ብዙ፣ መክፈቻው አንድ።»

አንድ ቀን ጉሙ በቀትር ወረደ። አያ ጅቦ ድምፁን አቀጠነ፣ አለሳለሰ፣ የእናት ድምፅ አስመሰለ። «ሩቂያ! ነይ እንጂ ልጄ፣ እንስራው ከብዶኛል!» አለ። ዕጣው የደረሰው የይማምና የዘምዘም ልጅ ላይ ነበር። እሷ ከሁሉ ፈጣን፣ ከሁሉ የተቀጣች ነበረችና «አቤት!» ብላ ቀድማ ወጣች። ጉሙ ሲገፈፍ መቀነቷ እሾህ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ሌላ ምንም አልተገኘ።

አገር አለቀሰ። ሽማግሌዎች ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ።

«ልጆቹ ሲጠሩ ዝም ይበሉ?» አለ አንዱ።

«ምን ማለትህ ነው! ‹አቤት› የማትል ልጅ ከግንድ በምን ትሻላለች?» ተነሱበት።

በመጨረሻ «እናት ሁለቴ ትጥራ፤ አውሬ አንዴ እንጂ ሁለቴ መጥራት አይሆንለትም» ብለው ተስማሙ፤ ብልሃት ያገኙ መስሏቸው ጢማቸውን እያሻሹ ተበተኑ።

አያ ጅቦ ከአጥር ኋላ ነው። ጆሮው ሰፌድ አክሏል።

በሚቀጥለው ጉም ሁለቴ ጠራ። ፍንጭቷ ሩቂያ ወጣች። እሷ እንኳ እግሯ አውጥቷታል፤ የቀሚሷን ጫፍ አፉ ውስጥ ትታለት እየጮኸች ገባች። ሽማግሌዎቹ እንደገና ተሰበሰቡና «እንግዲያው ሦስቴ» አሉ። ከአጥር ኋላ ያለውም «እንግዲያው ሦስቴ» አለ።

ይህ በሆነ በዓመቱ ዘምዘም ሴት ልጅ ወለደች። ዘምዘም ድሮም ብዙ አትናገርም፤ መቀነቱ ከእሾህ ላይ ከወረደ ወዲህ ደግሞ ጨርሳ ዝም ብላለች። በሰባተኛው ቀን የስም ማውጫው በግ ታረደ፣ ገንፎው ተገነፋ፣ ሴቶቹ ተሰበሰቡ። አማቷ እመት ሰአዳ ሕፃኗን ታቅፈው «እንግዲህ የእህቷ ምትክ ናት፤ ሩቂያ እንበላት» አሉ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አይሆንም» አለች ዘምዘም።

ምራት አማቷን «አይሆንም» ስትል በዚያ አገር የሰማ አልነበረም።

«ምን አልሽ?»

«ሩቂያ አትባልም። በዚህ አገር ማንም ያልተጠራበት ስም እፈልጋለሁ።»

ከእንግዶቹ መሐል ሐጃ ነፊሳ ነበሩ። ሐጃ ነፊሳ ከሸንተረሩ ማዶ የሚኖሩ፣ በወጣትነታቸው ከተጓዦች ጋር በእግራቸው እስከ ባሕሩ ወርደው፣ ባሕሩን ተሻግረው መካን አይተው የተመለሱ አሮጊት ናቸው። ሳል ሳል አሉና «ሪሃም በያት» አሏት።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ሳቁ ፈነዳ።

«ሪሃም? መድኃኒት ነው እንዴ ሐጃ?»

«ኧረ እንደኔ እንደኔ የእህል በሽታ ይመስላል። ‹ዘንድሮ ጤፉን ሪሃም መታው› ቢሉኝ አምናለሁ!»

«እኔስ እሷን እስክጠራ ፍየሏ ማሳውን ጨርሳ ትገባለች!»

«ፍቺውን የሚጠይቅ የለም?» አሉ ሐጃ ነፊሳ።

«ፍቺው ለምኔ! ገንፎው ሊቀዘቅዝ ነው» አሉና ሴቶቹ ወደ ገበታው ዞሩ።

አያ ጅቦ ከአጥር ኋላ ነው። ጆሮው ሰፌድ አክሏል። «ሪሃም፣ ሪሃም» ብሎ ምላሱ ላይ አንከባለላት። «ፍቺው ለምኔ! ስሙን ከያዝኩ ይበቃኛል።»

ለስም የታረደ በግ አጥንቱ አይሰበርም፤ ተለቅሞ ከአጥሩ ጥግ ይቀበራል። በማግሥቱ ዘምዘም ስትወጣ ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ አጥንቱ ተቆርጥሞ አገኘችው። ዳናው ከአጥሩ ሥር ነበር። አንድ አውሬ ብዙ ሰዓት በሆዱ ተኝቶ የጨፈለቀው ሣር ገና ቀና አላለም። ዘምዘም ሣሩን በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ሰምቷል» አለች። «ስሟን ሰምቷል።»

ከሌላውም የባሰው ይህ ነው። ሩቂያ ሲባል ቢያንስ ብዙ ሩቂያዎች አሉ፤ አንዷ ብትወጣ አንዷ ትቀራለች። ሪሃም ግን አንድ ናት። ሪሃም ብሎ የጠራ የሷን ልጅ ብቻ ነው የጠራ። ልጄን አድናለሁ ብላ ለጅቡ ቀጥተኛ መንገድ ጠረገችለት።

አራስነቷን ረስታ፣ ሕፃኗን አዝላ፣ ሸንተረሩን እያለከለከች ወጣች። ሐጃ ነፊሳ እዚያው አድረው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ ከመንገድ ዳር ለማረፍ ተቀምጠው ደረሰችባቸው።

«ሐጃ፣ ፍቺውን ንገሩኝ።»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩአት። «እኔማ አገሩ ሁሉ ገንፎ ብቻ የሚያውቅ መስሎኝ ነበር» አሉ። ከዚያ ሕፃኗን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስተኟት።

«ስሙ የአረቦቹ ነው። እዚያ አገሩ አሸዋ ነው ልጄ፤ ዝናብ እንደ እንግዳ ነው የሚመጣ። ብርቅ ስለሆነባቸው ለየዓይነቱ ስም አውጥተውለታል። ጎርፍ ይዞ የሚመጣው ሌላ ስም አለው፣ መጥቶ ወዲያው የሚሄደው ሌላ። ሪሃም የሚሉት ካፊያውን ነው። ነጎድጓድ የለው፣ መብረቅ የለው። አይጮህም፣ አይቸኩልም፣ አያባራም። ጣራው ላይ ሲወርድ አትሰሚውም። ጠዋት ስትወጪ ግን መሬቱ እስከ ሥሩ ርሶ ታገኚዋለሽ።»

«እዚያስ ብዙ ሰው ይጠራበታል?»

«ኧረ እዚያም ጥቂት ናቸው። ሰው የትም አገር ያው ነው፤ የገነነውን ስም ይሻማል።»

ዘምዘም ሕፃኗን አዝላ ወረደች። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ታስብ ነበር፦ ጅቡ ስሙን ሰምቷል፤ ፍቺውን ግን አልሰማም።

ሪሃም መናገር ስትጀምር እናቷ አዲስ ነገር አስተማረቻት። እናት ከውጭ «ሪሃም!» ስትል፣ ልጅ «አቤት» አትልም። «ሪሃም እንዴት ትዘንባለች?» ብላ ትጠይቃለች። እናት አፏን ከግድግዳው ስንጥቅ አስጠግታ፣ ከትንፋሽ በማይበልጥ ድምፅ «ሳትጮህ፣ ሳትቸኩል፣ ሳታባራ» ትላለች። የበሩ መወርወሪያ የሚነሳው ያኔ ብቻ ነው።

አገር ጉድ አለ።

«የዘምዘምን ልጅ አያችኋት? እናቷ ስትጠራት ጥያቄ ትጠይቃለች!»

«ነገ ደግሞ ‹ምን ይዘሽ መጣሽ?› ትላታለች።»

እመት ሰአዳ በሐፍረት ራሳቸውን ተከናነቡ። «በቤቴ ‹አቤት› የማትል ልጅ አደገች! እኔ ስሞት ምን ልባል ነው?» ይላሉ። ዘምዘም ጎንበስ ብላ ታልፋቸዋለች፤ ልጇን ግን «አቤት በይ» አላለቻትም።

አያ ጅቦ ከአጥር ኋላ ነው። ሕፃኗን «አጥንቷ ለጥርሴ አይሞላም፤ ትደግ» ብሎ ትቷት ነበር። አሁን አድጋለች። ጥያቄዋን ሰምቷል፤ ልጅ ናትና ጮክ ብላ ነው የምትጠይቅ። መልሱን ግን ጆሮው ሰፌድ አክሎም አልያዘለት። «ምን ቸገረኝ» አለ። «ስለ ዝናብ ነው የጠየቀችው። ዝናብ የማያውቅ ማን አለ?»

አንድ ቀን ይማም ገበያ ሄዷል፤ ዘምዘም ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች። ቤት ያሉት እመት ሰአዳና ሪሃም ብቻ ናቸው። ጉሙ መጣ። መጀመሪያ ዋርካውን ዋጠ፣ ከዚያ አጥሩን፣ ከዚያ የደጁን ድንጋይ። ዶሮዎቹ ዝም አሉ።

«ሪሃም!»

የእናቷ ድምፅ ነው። ቁርጥ የእናቷ።

ሪሃም ተነስታ በሩ ሥር ቆመች። «ሪሃም እንዴት ትዘንባለች?»

ከውጭ «እያጓራች ነዋ! እንደ ሐምሌ፣ ጣራ እየነቀለች!» የሚል መልስ መጣ።

ልጅቱ መወርወሪያውን በሁለት እጇ ያዘችው። አላነሳችውም። «ሪሃም እንዴት ትዘንባለች?»

«እንደ በረዶ! ዱብ ዱብ እያለች፣ አናት እየፈነከተች!»

«ምን ሆነሽ ነው አትከፍቺም?» አሉ እመት ሰአዳ ከመደቡ ላይ። «እናትሽ እንስራ ተሸክማ በጉም ታቆሚያታለሽ? አቤት በይ! ክፈቺ!»

«አያቴ፣ መልሱ አይደለም።»

«እናት መልስ ትፈተናለች እንዴ! አይ የዘንድሮ ልጅ!»

ውጭ ያለው ይህን ሰማ፤ ድምፁን የበለጠ አለሰለሰ። «እውነትዎን ነው እማማ፣ የልጅ ልጅዎ አስቸገረችኝ። እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፤ ይህን ስም ከእኔ ሌላ ማን ይጠራዋል? በአገሩ ስንት ሪሃም አለ? ስሟን ካወቅኩ እናቷ ሳልሆን ማን ልሆን ነው?»

እመት ሰአዳ ይህ ልባቸው ገባ። «እውነቷን እኮ ነው» አሉ። «ይህን አፍ የሚሰብር ስም እሷ ካልጠራችው ማን ይጠራዋል!» ተነሱና ልጅቱን በክንዳቸው ገፋ አደረጓት። እጃቸው መወርወሪያውን ያዘ። ሪሃም መወርወሪያው ላይ ተንጠለጠለች። አሮጊቷ ወደ ላይ፣ ልጅቱ ወደ ታች፤ እንጨቱ እየተንቋቋ መነሳት ጀመረ።

በዚህ ጊዜ እውነተኛዋ ዘምዘም ከወንዝ እየተመለሰች ነበር። በጉሙ ውስጥ የገዛ ድምፅዋን ሰማች። የገዛ ድምፅዋ ከገዛ ደጇ ላይ ልጇን ይጠራል። ጩኺ ጩኺ አላት፤ ግን ብትጮህ ውስጥ ያሉት ደጅ የቆመው እሷ መስሏቸው በሩን ይከፍታሉ። ሩጪ ሩጪ አላት፤ ብትሮጥ ኮቴዋን ይሰማል። እንስራውን አወረደች። ሣሩ ላይ በባዶ እግሯ፣ አንዱን እግር ስታስቀምጥ ሌላውን እያነሳች፣ ቤቱን ዞረችና ከጀርባው ግድግዳ ስንጥቅ ላይ አፏን አደረገች።

«ሳትጮህ፣ ሳትቸኩል፣ ሳታባራ» አለች።

ሪሃም ዞረች። አያቷም ዞሩ። እናቲቱ ከጓሮ ናት። እንግዲያስ ደጅ የቆመው ማን ነው?

የእመት ሰአዳ እጅ መወርወሪያው ላይ ደረቀ። የደጁ ድምፅ ደግሞ ማለስለሱን እየረሳ፣ «ክፈቱ እንጂ! ራበኝ!» ማለት ጀምሯል።

ልጅቱ የአያቷን ቀሚስ ያዝ አደረገችና ወደ በሩ ጮክ አለች። «እናቴ ከሆንሽ እጅሽን አሳዪኝ። በሩን ትንሽ ገርበብ አደርገዋለሁ።»

«የኔ ብልህ! እሺ፣ ገርበብ አድርጊው!»

በሩ ተገርበበ። አንድ ጠጉራም እግር፣ ጥፍሩ ማጭድ የመሰለ፣ በክፍተቱ ገባ። እመት ሰአዳ አዩት። ያቺ መቀነቷ እሾህ ላይ የቀረው ልጅ ታየቻቸው። የዕድሜያቸውን ጉልበት ሁሉ አሰባስበው በሩን በጀርባቸው ደገፉት፤ እግሩ በበሩና በመቃኑ መሐል ተቀረቀረ። ሪሃም መወርወሪያውን እግሩ ላይ ጣለችበት። አያ ጅቦ የእናትን ድምፅ ረስቶ በራሱ ድምፅ ጮኸ። አገር ያንን ጩኸት ሰምቶ በጦር፣ በመጥረቢያ፣ በእንጨት ተጠራርቶ መጣ።

ከብበው ያዙት። አንድ ሽማግሌ ጦሩን ጉሮሮው ላይ አድርጎ ጠየቀው።

«አያ ጅቦ፣ የልጅቱን ስም ከየት አወቅህ?»

«ከድግሳችሁ። እናንተው አይደላችሁ ስትስቁበት የሰማሁት?»

«መልሱን ምነው ሳታውቅ ቀረህ?»

«ፍቺውን አልጠየቅኩማ!» አለ እያለከለከ። «እናንተስ ጠይቃችሁ ነበር?»

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ጦሩ ሥራውን ሠራ። ሌሎቹ ጅቦች ከሸንተረሩ ሆነው አይተዋልና ከዚያ ወዲህ ከሩቅ ይጮሃሉ እንጂ ስም አይጠሩም ይባላል።

በሳምንቱ የዘምዘም ደጅ በእርጉዞች ሞላ።

«እኔም የምወልዳትን ሪሃም ልበላት!»

«እኔ ቀድሜ ተናግሬያለሁ! ሪሃም የኔ ናት!»

«መንታ ብወልድስ? ሁለቱንም ሪሃም!»

ዘምዘም ፈገግ አለች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። «ደግሞ አገሩን በሪሃም ልትሞሉት ነው? መጀመሪያ የራሳችሁን ስም ፍቺ ጠይቁ» አለቻቸው።

ሐጃ ነፊሳ ተጠርተው መጡ። ጥርሳቸው ሄዷል፣ ምላሳቸው ግን በቦታው ነበር። ትልቋ ሩቂያ አፍራ አፍራ «ሐጃ፣ የኛስ ምን ማለት ይሆን?» አለች።

«ሩቂያማ ከፍ ማለት ነው» አሉ። «ሽቅብ መውጣት። ይህን የመሰለ ስም ይዛችሁ ነው ፍቺውን ሳትጠይቁ የኖራችሁ?»

ሩቂያዎቹ ሁሉ ቀና ቀና አሉ። ዘምዘም ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች። በጉም ውስጥ የቀረችውን ልጇን ስንት ጊዜ ጠርታታለች፤ ምን ብላ እንደጠራቻት ያወቀችው ገና ዛሬ ነው። እመት ሰአዳ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። የምራታቸውንም እጅ ያዙ።

ስለዚህ የዚያ አገር ሰዎች እንዲህ ይላሉ፦ ስምማ ለጅብም አፍ ይሞላል፤ ፍቺውን ያልጠየቀ ደጅ ይቀራል።

እመት መሬማ ተረታቸውን እዚህ ላይ ጨረሱ። ደላላው ከአጥሩ ላይ ሲሰለቸው ሄዶ ነበር።

ዘንድሮ እኔም ሴት ልጅ ወለድኩ፤ በሰፈራችን የሌለ ስም ሰጠኋት። ሊጠይቀኝ የመጣ ሁሉ ስሟን ይሰማል፣ ይስቃል፣ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። ትናንት የጎረቤቴ ምራት፣ እምብዛም የማንነጋገረው፣ ከደጅ ሳትገባ «ማን አላችኋት?» አለችኝ። ነገርኳት። «ፍቺው ምንድን ነው?» አለች።

በርጩማውን ሳብኩና፣ አቧራውን በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ፣ አጠገቤ አደረግኩላት።